ከልክ አልፎ መልቀቅ

ተጣሞ የነበረ ብረት ሲቃና ምን ይሆናል? ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይስ ከዚህ በፊት ያልነበረ ሌላ ነገር ይሆናል? ጥያቄው ከጋራዥ ይነሣል፤ እዚያው ግን አይቀርም። ከጣርማ በር፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ፣ ከዚያም ከዋናው አስፋልት እየተገነጠሉ ማጀቴንና ሌሎቹን የይፋት ከተሞች ከገጠሩ የሚያገናኙት መንገዶች መኪናን እንዴት እንደሚፈትኑ ከሹፌሩ ይልቅ የሚያውቀው ሻንሲው ነው። ማሾና ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ ወይም ከገበያ የሚመለስ ሰው ያሳፈረ ላንድክሩዘር ክረምት ያፈረሰው የወንዝ መሻገሪያ ላይ ሲደርስ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ይገባል፤ ሌላው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሸክሙ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ጥግ ያርፋል፤ ብረቱም እጁን ይሰጣል። ባለቤቱ አስጎትቶ ጋራዥ ያደርሰዋል፤ ባለሙያው ደክሞ ያቃናዋል። በመጨረሻም ባለቤቱ «ጌታው፣ አሁን እንደ ድሮው ሆነ ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጥሩ ባለሙያ ለዚህ ጥያቄ ፈጥኖ «አዎ» አይልም። ለምን እንደማይል መመርመር ስለ ብረት ብቻ ሳይሆን ስለ መቃናት ሁሉ መመርመር ነው።

አስቀድሞ መጣመም ምን እንደሆነ መለየት ያስፈልጋል። ሻንሲ ሁለት ረጃጅም ብረቶች ጎን ለጎን ተጋድመው በአግዳሚ ብረቶች የተያያዙበት፣ ሞተሩም ካቢናውም ጭነቱም የሚያርፍበት አካል ነው። ይህ አካል ደኅና ነው በሚባልበት ዘመኑም ያለማቋረጥ ይጎብጣል። ጭነት ሲወጣበት ይለመጣል፣ ሲወርድለት ይነሣል፤ ኮረኮንች ሲመታው ይጠመዘዛል፣ ሜዳ ሲያገኝ ይዘረጋል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ተራ ብረት ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት በሚበልጥ ልክ ቢሳብ፣ የሳበው እጅ ሲለቀው ወደ ቀድሞ ርዝመቱ ይመለሳል። ከዚህ ካለፈ ግን አይመለስም። እንግዲህ ቀና የምንለው ብረት ጎብጦ የማያውቀውን ሳይሆን ጎብጦ የሚመለሰውን ነው። ታዲያ የተጣመመው ብረት ያጣው መመለስን ነው እንዳንል ሌላ ነገር ይገጥመናል፤ የተጣመመ ብረትም ይመለሳልና። ከተጣመመበት ቅርጽ ጥቂት ገፋ አድርገው ቢለቁት ወደዚያው ወደ ጠማማው ቅርጽ ይመለሳል፤ ደግሞም ቀና ሳለ ይመለስ በነበረበት ታማኝነት። የመመለስ ጠባዩ አብሮት አለ። የጠፋው የሚመለስበት ቦታ ነው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን የብረትን ውስጥ የመረመሩ ሰዎች አስረድተዋል። እ.ኤ.አ. በ1934 ጄፍሪ ቴይለር፣ ኤጎን ኦሮዋንና ማይክል ፖላኒ እርስ በርሳቸው ሳይመካከሩ አንድ ሐሳብ ላይ ደረሱ፤ ብረት ሲጣመም በረድፍ የተደረደሩት አቶሞቹ አንዱ ረድፍ በሌላው ላይ ይንሸራተታል፤ ይህም የሚሆነው ሁሉም በአንድ ጊዜ ተንቀሳቅሰው ሳይሆን በድርድሩ ውስጥ ያለ ጉድለት ከቦታ ቦታ እየተጓዘ ነው። ከዚህ ለአሳቢ የሚተርፈው ነገር ትልቅ ነው። ብረት የሚጣመመው ፍጹም ስላልሆነ ነው፤ ጉድለት ባይኖርበት ኖሮ ለመጣመም እጅግ የበዛ ጉልበት በጠየቀ ነበር። ነገር ግን ያው ጉድለት ነው ብረቱን ሳይሰበር እንዲጣመም የሚያደርገው፤ ያው ጉድለት ነው ደግሞ ተመልሶ እንዲቃና የሚፈቅድለት። እንደ ብርጭቆ ያለ፣ መንሸራተት የማያውቅ ነገር አይጣመምም፤ ይሰበራል እንጂ። የተሰበረ ብርጭቆ ደግሞ አይቃናም። እንግዲህ ለመጣመም የሚያጋልጠንና ለመቃናት የሚያበቃን ነገር አንድ ከሆነ፣ ጠማማነትን ፈጽሞ የማያውቅ ነገር መመኘት ማንም የማያቃናውን ነገር መመኘት ይሆናል።

ወደ ሥራው እንምጣ። ባለሙያው ሻንሲውን ከማይነቃነቅ ነገር ጋር በሰንሰለት ያስረዋል፤ የጎበጠበትን ቦታ ለይቶ ክሪክ ያስገባል፤ ቀስ እያለ ይገፋል። ብረቱ ቀጥ ብሎ ታየ ብሎ እዚያ ላይ ቢያቆም፣ ክሪኩን ባላላ ቅጽበት ብረቱ ወደ ጠማማው በኩል ተመልሶ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ አይመለስም፤ ቀናም ሆኖ ግን አይቀርም። ስለዚህ ቀጥ ካለበት አሳልፎ ይገፋዋል፤ ወዲያ ማዶ እንዲጣመም ያደርገዋል፤ ከዚያ ሲለቀው ብረቱ በራሱ ጊዜ ወደ መሐል ይመጣል። ሥራውን ያየ ሁሉ የሚያውቀው ይህ ነገር ሲያስቡት ግን ያስጨንቃል። ወደ ቀናው ብቻ ያነጣጠረ ቀናውን አያገኘውም። ለማቃናት የፈለገ ለጥቂት ጊዜ አጣማሚ መሆን አለበት፤ በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ያየው ሰው አቃኚ ነው ወይስ ሌላ አጥፊ ብሎ ሊለየው አይችልም። ሁለቱም ብረቱን ከልኩ አሳልፈው ይዘውታልና።

አርስቶትል ይህን አስተውሎት ነበር። ስለ ሥነ ምግባር በጻፈው መጽሐፍ ሁለተኛው ክፍል ላይ፣ ሰው ወደሚያዘነብልበት ስሕተት ተቃራኒ ራሱን እንዲጎትት ሲመክር ያነሣው ምሳሌ የጎበጠ እንጨት የሚያቃኑ ሰዎችን ሥራ ነው። ስስታም ለጊዜው እስከ ማባከን ድረስ ይስጥ፣ ፈሪ ለጊዜው ወደ መዳፈር ያዘንብል፤ መካከሉን የሚያገኘው በዚህ ነው እንደ ማለት። ምክሩ ጥልቅ ነው። አንድ ነገር ግን ሳይመልስ ይተዋል፤ ምን ያህል ነው ማለፍ የሚገባው? ጥቂት ቢያልፍ ብረቱ ወደ ጥፋቱ ይመለሳል፤ አብዝቶ ቢያልፍ አዲስ ጠማማ ይወለዳል። ለዚህ አስቀድሞ የተጻፈ ቁጥር የለም፤ የብረቱ ውፍረት፣ የጉብጠቱ ርዝመት፣ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተነካ ሁሉ ይወስነዋል። ባለሙያው መልሱን የሚያገኘው እየለቀቀ ነው። ይገፋል፣ ይለቃል፣ ይለካል፤ ዳግመኛ ይገፋል። እየገፋ ሳለ ያየው ልክ እውነተኛው ልክ አይደለም፤ ብረቱ ስለ ራሱ እውነቱን የሚናገረው ከእጅ ሲወጣ ነው። ስለዚህ መልቀቅ የሥራው ፍጻሜ ብቻ መስሎ ቢታይም መጠየቂያውም እርሱ ነው። የማይለቅ እጅ ያቃናውን ነገር ምንነት ፈጽሞ ሊያውቅ አይችልም።

በዚህ መካከል ብረቱ ራሱ ሁለት ተቃራኒ ጠባዮች ያሳያል። የመጀመሪያው ጥንካሬ ነው፤ የተጣመመበት ቦታ ከቀሪው አካሉ ይልቅ ይጠጥራል፣ በዚያው አቅጣጫ ይበልጥ ለማጣመም ከበፊቱ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሙኒኩ መሐንዲስ ዮሐን ባውሺንገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ አስተዋለው፤ በአንድ አቅጣጫ ተገዶ ያለፈ ብረት በተቃራኒው አቅጣጫ ሲገፋ ከተለመደው ቀድሞ ይሸነፋል። ሁለቱን አንድ ላይ ብናስባቸው፣ የተጣመመ ብረት በጥፋቱ ለመቀጠል ይከብደዋል፣ ወደ መቃናት ለመነሣት ግን ይቀለዋል ማለት ነው። በብረት ውስጥ የተደበቀ ምሕረት ብዬ ልጠራው ይቃጣኛል። ይሁን እንጂ ምሕረቱ ወሰን አለው። ሽቦ በእጁ እያመላለሰ ያጠፈ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መጣመምና መቃናት ከተደጋገሙ መጨረሻው መሰበር ነው። እያንዳንዱ መቃናት ከብረቱ አንድ ነገር ወስዶ ይሄዳል። አንድ ጊዜ ለመቃናት የሚያስችለው ጠባይ ሁልጊዜ ለመቃናት አያስችለውም።

ከልክ ያላለፈ ማቃናት ምን እንደሚመስል ከታሪካችን አንድ ነገር ልጥቀስ፤ ስለዚሁ ሙያ ነውና። ብረት ቀጥቃጭ በአገራችን ለዘመናት ሲናቅ ኖሯል። ማረሻውን ከእርሱ የሚወስድ ገበሬ፣ ጦሩን ከእርሱ የሚወስድ ወታደር፣ ስሙን ግን በስድብ ይጠራው ነበር፤ ቡዳ ይለው ነበር፤ ልጁን አይድርለትም ነበር። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባስነገሩት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ፤ ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ የሚጽፈውን ሁሉ የሚያዋርድ ሰው አገር የሚያደኸይ መሆኑን አስገነዘቡ። አዋጁ ቀና ነበር። እንደ ቀናነቱ ግን እስከ ቀናው ድረስ ብቻ ገፋ። ስድቡን ከለከለ፤ ክብርን ግን አዋጅ ብቻውን ሊያወርድ አይችልም። የቀጥቃጩን ልጅ ከሌላው ልጅ አስቀድሞ የሚያስቀምጥ፣ ንቀቱ የወሰደበትን የሚመልስ፣ ከእኩልነት ጥቂት አሳልፎ የሚይዝ ነገር አልተከተለውም። እጁ ሲላላ ልማዱ ወደ ቀድሞው በኩል ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ ዛሬ የጋራዥ ባለሙያ የሚፈለግ፣ የሚጠበቅ፣ የሚለመን ሰው ነው። ቢሆንም ንቀቱ በየገጠሩ በሹክሹክታ እስከ እኛ ዘመን ደርሷል። የተጣመመን ነገር እንደሚያቃና ስለ ራሱ የሚያምን ሕዝብ አቃኚውን ራሱን አጣሞ ያኖረበት ይህ ታሪክ ሊያሳስበን ይገባል።

ጉልበትን ሁሉ የሚያስቀር የሚመስል ሌላ መንገድም አለ፤ እሳት። ብረት 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ጉልበቱ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ በላይ ቀይ ሆኖ ሲግም ለመዶሻና ለክሪክ በቀላሉ ይታዘዛል። ተመልሶ የመሸሽ ጠባዩም ይደክማል። ባለሙያው ድካሙ ይቀንስለታል፤ ባለቤቱም ቶሎ ያገኛል። ነገር ግን ብዙ የጭነት መኪና ሻንሲዎች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቀው በልክ በመቀዝቀዛቸው ነው፤ በጋራዥ እሳት እንደገና ሲግሙ ያ ጥንካሬ ይሄዳል። አምራቾች እንዲህ ያለውን ሻንሲ አታሙቁ የሚሉት ለዚህ ነው። ያልተቃወመ ብረት ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ለዓይን ያምራል፤ ሸክም ሲመጣ ግን ይለመጣል። እዚህ ላይ ቀና መምሰልና ቀና መሆን ይለያያሉ። ቀጥ ማለት ቅርጽ ከሆነ እሳቱ አቃንቶታል። ቀጥ ማለት ሸክም ተሸክሞ ቅርጽን መጠበቅ ከሆነ ግን እሳቱ ብረቱን እንዲታዘዝ ብቻ አድርጎታል። መታዘዝን ከመቃናት ጋር ማምታታት ከብረት ሠሪ ይልቅ ልጅ አሳዳጊን፣ መምህርንና ገዢን የሚያሰጋ ስሕተት ነው።

ታዲያ ቀና መሆኑ በምን ይታወቃል? ባለሙያው የሚያመሳክርበት የድሮው ሻንሲ የለውም፤ ፋብሪካው ያወጣው የልክ ሰንጠረዥ ቢገኝ እንኳ የሚናገረው ስለ ሞዴሉ ነው፤ ይህ ብረት እዚህ እስኪደርስ ያሳለፈውን አይናገርም። ስለዚህ በሲባጎ ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ ጥግ ይለካል፤ ቀጥሎ ከፊት ቀኝ ጥግ እስከ ኋላ ግራ ጥግ ይለካል። ሁለቱ ልኮች ከተስማሙ ሻንሲው ከቀናነት ደጃፍ ደርሷል፤ ካልተስማሙ አልደረሰም። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። በግጭት ጊዜ አንደኛው ረጅም ብረት ከሌላው ወደ ኋላ ተንሸራትቶ ቢቀር፣ እያንዳንዱ ብረት ለብቻው ሲታይ ፍጹም ቀጥ ያለ ሊሆን ይችላል። አግዳሚዎቹም ቀጥ ያሉ ናቸው። ጠማማው ሻንሲው ነው። ጥፋቱን የሚያገኘው በመካከላቸው የሚዘረጋው ሲባጎ ብቻ ነው። በዚህም ቀናነት የአንድ ብረት የግል ንብረት እንዳልሆነ እናያለን፤ የብዙዎች ስምምነት ነው። ስምምነቱ ደግሞ ለብቻው አይበቃም፤ ሁሉም አብረው ሊጠመዘዙ ይችላሉና ከውጭ የሚመጣ ምስክር ያሻል። ለዚህ ነው ውሃ ልክና ቱምቢ የሚያስፈልጉት። ውሃ ረግቶ የሚተኛበትን፣ ክብደት የሚንጠለጠልበትን መስመር ማንም አላበጀውም፤ ማንምም በጉቦ አያዛንፈውም። የልክ ሁሉ መጨረሻ እኛ ያልሠራነው ነገር ላይ ይቆማል።

ጠማማ ይቃናል ወይ የሚለውን ጥያቄ የይፋት ሰው ከእምነቱም ያውቀዋል። በብሉይ ኪዳን መክብብ ስለ ጠማማው ተስፋ ቆርጦ ይናገራል፤ ኢሳይያስ ደግሞ የሚቃናበትን ቀን ያበስራል። ሁለቱ በአንድ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተቃርነው የተቀመጡ ይመስላሉ። ሙስሊሙ ጎረቤት ደግሞ በየሶላቱ ፋቲሓን ሲቀራ ወደ ቀጥተኛው መንገድ እንዲመራ አላህን ይለምናል፤ ትናንት ለምኖ ዛሬም ይለምናል፤ ነገም ይለምናል። ልብ ብንለው፣ ኢሳይያስም ፋቲሓም የሚናገሩት ስለ መንገድ ነው። መክብብ የሚናገረው ስለ ሆነው ነገር ነው፤ የሆነው እንዳልሆነ አይደረግም። እንዲህ ከተረዳናቸው አይቃረኑም። ብረቱ መጣመሙ ታሪኩ ነው፤ ታሪኩን ክሪክ አያቃናውም። የሚቃናው ከእንግዲህ የሚሄድበት ነው። ሻንሲም ቢሆን የመጨረሻ ፍርዱን የሚያገኘው መንገድ ላይ ነው፤ መሪውን ሲለቁት ወደ አንድ ጎን ይጎትታል ወይ፣ ጎማውን በአንድ ወገን ብቻ ይበላል ወይ፣ የኋላ ጎማዎቹ የፊቶቹን ዱካ ይከተላሉ ወይ። ቀናነትን ዕለት ዕለት መለመን የሚያስፈልገውም መሄድ ዕለት ዕለት ስለሆነ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ መከራከሪያ ይነሣል። መኪናው ቀጥ ብሎ ከሄደ ታሪኩ ለማን ይጠቅማል? ቀለም ቢቀባና ቢረሳስ? መልሱን የሚሰጠው ብረቱ ነው። የተቃናው ቦታ በውስጡ የተቆለፈ ውጥረት ይዟል፤ ሸክምና ኮረኮንች ሲመላለሱበት ስንጥቅ መጀመሪያ የሚፈልገው እንዲህ ያለውን ቦታ ነው። ታሪኩን የሚያውቅ ሹፌር ያንን ቦታ ጎንበስ ብሎ ያያል፤ ጭነቱን ይመጥናል፤ ወንዝ ሲሻገር ይጠነቀቃል። ታሪኩ የተደበቀበት ሹፌር ግን እንደ አዲስ ይጭነዋል፤ ከኋላ የተሳፈሩትን ሰዎችም ይዟቸው ይሄዳል። እንግዲህ ስለ ብረቱ ያለን እውቀት ከብረቱ ጥንካሬ ይቆጠራል። «እንደ ድሮው ሆነ?» ላለ ሰው ትክክለኛው መልስ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፦ «እንደ ድሮው አልሆነም፤ ይሄዳል፤ ይህችን ቦታ ግን እያየህ።» ይህ መልስ ብረቱን አያዋርደውም። ምንም አልነካውም ተብሎ ከተሸጠና ታሪኩ ከማይታወቅ ብረት ይልቅ ቁስሉ የታወቀ ብረት ይታመናል።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ ሻንሲ ብቻ አስቤ አይደለም። በ1913 ዓ.ም. የይፋቷ ከተማ አጣዬ ተቃጥላለች፤ ይፋት በእነዚህ ዓመታት ቤትም ሰውም አጥቷል፤ በአንድ ገበያ ይገበያዩ የነበሩ ጎረቤታሞች ተፈራርተዋል። እንዲህ የተጣመመ ጉርብትና ሲቃና ሁለት ፈተናዎች ይጠብቁታል። አንደኛው ቀለም ነው፤ ምንም እንዳልሆነ መነጋገር። ሁለተኛው ከቀናው አሳልፎ ገፍቶ እዚያው መያዝ ነው፤ ይህም ስሙ በቀል ነው። በቀል ከማቃናት ጋር በአቅጣጫ አንድ ነው፤ ለዚህም ነው ፍትሕ መስሎ የሚያታልለው። ሽማግሌዎቻችን በዕርቅ ላይ የሚያደርጉት ግን ልዩነቱን ያሳያል። በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል፤ ከተበዳዩ እኩል ሳይሆን ከእግሩ በታች ይወድቃል፤ ካሳ ይከፍላል። ከልክ አልፎ ጎንብሷል። ከዚያ ግን ድንጋዩ ይወርድለታል፣ «ተነሥ» ይባላል። ያ ጎንበስ ማለት ባይኖር ዕርቁ እጅ ሲለቀው ወደ ጠቡ ይመለስ ነበር፤ ያ «ተነሥ» ባይኖር ደግሞ አዲስ በደል ይጀመር ነበር።

እንግዲህ ማቃናትን እንዲህ ብዬ ልወስነው። ማቃናት የሆነውን እንዳልሆነ ማድረግ አይደለም፤ የሚመለስበትን ቦታ ላጣ ነገር ሸክም የሚችል፣ ከሌሎች ጋር የሚስማማ አዲስ መመለሻ መስጠት ነው። ይህን ለመስጠት ከልክ ማለፍ ግድ ይላል፤ ከልክ ማለፍን የሚያጸድቀው ግን መልቀቅ ብቻ ነው። ስለዚህ አቃኚ ነኝ የሚልን ሁሉ፣ አባትም ይሁን ዳኛ፣ ሕግ አውጪም ይሁን አብዮተኛ፣ ምን ያህል እንደሚገፋ ከመጠየቃችን በፊት መቼ እንደሚለቅና ሲለቅ የሚያየውን ለመቀበል ዝግጁ መሆኑን እንጠይቀው። ለመልቀቅ ያልተዘጋጀ እጅ ሐሳቡ የቱንም ያህል ቀና ቢሆን የሚያወጣው ነገር ጠማማ ነው።